ከደረጃው ሥር

"እዚህ ጋ ትንሽ ጨምርበት ልጄ፤ እግሬ ይተርፋል" አሉ ሽማግሌው፣ የሜትሩን ጫፍ ግድግዳው ላይ እንደያዙ።

በያጁ ሰምቶ እንዳልሰማ ሆነ። የተቀጠረው ከአፓርትማው ደረጃ ሥር ያለውን ክፍት ቦታ በብረት ፍርግርግ እንዲዘጋ ነው። ሽማግሌው የሚያድሩት እዚያው ነበር። ጠዋት የብየዳ ማሽኑን እየጎተተ ሲመጣ ካርቶናቸውን አጣጥፈው፣ ብርድ ልብሳቸውን ጠቅልለው "ምን ልርዳህ?" አሉት። ረዳቱ በዚያው ሰሞን ጥሎት ስለሄደ ብረት የሚይዝለት ሰው ቸግሮት ነበርና እሺ አላቸው። ለምን እንደመጣ ግን አልነገራቸውም። እሳቸውም አልጠየቁም፤ በልባቸው ጨርሰውታል።

"ለካ እዚህ ግቢም ሰው አለ" እያሉ ብረቱን ያቀብሉታል። "ያቺ የሕንፃው ኮሚቴ ሰብሳቢ ባየችኝ ቁጥር ፊቷን ስታዞር የጠላችኝ መስሎኝ ስንት አማኋት። እሷ ለካ በር ልታሠራልኝ ኖሯል።"

በያጁ የፊት መከለያውን ቶሎ አወረደ። የብየዳ ሥራ አንድ ደግነቱ ፊት መሸፈኑ ነው።

እኩለ ቀን ላይ ሰብሳቢዋ ከገበያ ስትመለስ ወደ መግቢያው በር ጠራችው።

"ዛሬ ያልቃል?"

"በሩን መግጠም ነው የቀረኝ።"

"ቁልፉን ለእኔ ታመጣለህ። ይሄ ካማረ የሌሎቹን ሕንፃዎች የመስኮት ፍርግርግ ላንተ ልንሰጥ ተስማምተናል።" ድምጿን ዝቅ አደረገች። "ክፉ ሰዎች እንዳንመስልህ። ልብስ ሰጥተናቸዋል፣ የተረፈ ምግብም አንነፍግም። ግን እስከ መቼ? የሚመለከተው አካል ይጨነቅበት እንጂ።"

"የት ሊያድሩ ነው ታዲያ?"

"ይኸው፣ አንተም እኔን ትጠይቀኛለህ" አለችና ዘንቢሏን አንጠልጥላ ደረጃውን ወጣች።

የሚመለከተው አካል የት እንደሚገኝ በያጁም አያውቅም። የሚያውቀው ቤቱ አራስ መኖሯን፣ ሥራ ከጠፋ መክረሙንና ያ የመስኮት ሥራ እስትንፋስ እንደሚሰጠው ነው።

ተመልሶ ሲመጣ ሽማግሌው በሩን ደግፈው ቆመው ይጠብቁታል።

"መቀርቀሪያውን በውስጥ በኩል አድርግልኝ" አሉት። "ሰካራም እየመጣ ይረግጠኛል።"

አንጀቱን በሉት። ሊያወርደው የያዘውን መከለያ መልሶ አነሣ።

"አባባ፣ በሩ ለእርስዎ አይደለም። እንዳይገቡ ነው።"

ሽማግሌው ከጠዋት ጀምሮ ሲይዙት የዋሉትን ፍርግርግ ከላይ እስከ ታች ተመለከቱት። በያጁ ስድብ ጠበቀ፤ ቢሰድቡት በወደደ።

"ጠዋት አትነግረኝም ነበር?" አሉት።

"አፈርኩ።"

"እኔ ደግሞ እግሬ ይተርፋል እያልኩ…" ሊስቁ ሞከሩ፤ አልሆነላቸውም። እጃቸው ግን በሩን አልለቀቀም። "በል በይደው። ልጅ ይኖርሃል መቼም። አጥብቄ ይዤልሃለሁ።"

በያጁ የብየዳውን ኤሌክትሮድ ወደ በሩ ማጠፊያ አስጠጋ። ሽማግሌው በሩን በትከሻቸው ደግፈው ዓይናቸውን ከብልጭታው ለመጠበቅ ፊታቸውን አዞሩ። በያጁ ኤሌክትሮዱን መለሰና ማሽኑን አጠፋ።

"ይልቀቁት አባባ።"

"ነገ ሌላ በያጅ ያመጣሉ እኮ።"

"ያመጣሉ" አለ። በሩን ተቀብሎ ግድግዳው ላይ አስደገፈና ኬብሉን መጠቅለል ጀመረ። "ዛሬን ግን ያድሩበታል።"