ወደ ደረት የሚወጣው ድካም

የመካነ ሰላሟ ጨርቅ ነጋዴ ሀጀራ ከተቅማጥ እንዳገገመች እግሯ ከዳት። በማግስቱ እጇም ዛለ። ባሏ ሁዜይፋ አዝሎ ሆስፒታል አደረሳት።

«በሽታ የሚከላከልልሽ የሰውነትሽ ኃይል ተሳስቶ የራስሽን ነርቮች እያጠቃ ነው» አላት ሐኪሙ። «ድካሙ ደረትሽ ጋ ከደረሰ መተንፈስ ያቅትሻል። መተንፈሻ ማሽን ወዳለበት ደሴ አሁኑኑ ሂጂ።»

አምቡላንሱ ውስጥ ሁዜይፋ የቁርኣኑን መክፈቻ ምዕራፍ ፋቲሃን በቃሏ እያስቀራት ድምጿን ያዳምጥ ነበር። መጀመሪያ አንዱን አንቀጽ በአንድ ትንፋሽ ትጨርስ ነበር፤ ደሴ ሲቃረቡ ግን በየቃሉ መሃል ማረፍ ጀመረች።

«እባክህ ፍጠን!» ብሎ ሾፌሩ ላይ ጮኸ።

ትንፋሿ ሳይቆም ደረሱ፤ ማሽኑ ተገጠመላት። ከሳምንታት በኋላ፣ በራሷ መተንፈስ ስትጀምር፣ አልንቀሳቀስ ብሎ የቆየውን ትከሻዋን ትንሽ ነቀነቀች።

«አልሐምዱሊላህ! እስኪ ድገሚው» አላት ሁዜይፋ።

ደገመችው።