የዝምታ ልምምድ

ልብስ ሰፊዋ አንዲት ሴት ልጅ ነበረቻት፤ አምስት ዓመት ያልሞላት፣ ከእንቅልፏ ከነቃችበት ደቂቃ ጀምሮ አፏ የማያርፍ። አውቶቡስ ነጂው አባቷ «ሬድዮ» እያለ ይጠራት ነበር። እናቷ ስትሰፋ ልጅቷ ከስፌት መኪናው አጠገብ ቁርጥራጭ ጨርቅ ላይ ቁጭ ብላ ትለፈልፋለች፤ ዝንብ ለምን እጇን እንደምታሻሽ፣ ደመና የት እንደሚያድር፣ ቁልፍ የሌለው ሸሚዝ ይበርደው እንደሆነ። እናትየው በከንፈሯ መርፌ ይዛ «እህ… እህ» ትላታለች።

መዋዕለ ሕፃናት ሊከፈት ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት የባሏ እህት ልትጠይቃቸው መጣች። ገና ወንበር ሳትይዝ ልጅቷ በጥያቄ አጣደፈቻት።

«ውይ! ይቺን መምህሮቿ እንዴት ሊችሏት ነው? በመጀመሪያው ቀን ነው የሚያባርሯት!» አለች አክስትየው እየሳቀች።

ቀልዷን ነበር። እናትየው ግን ነገሩ ሆዷ ገባ።

በማግስቱ ልምምድ ተጀመረ። ከሰዓት በኋላ ሥራዋን ታቆምና የልጅቷን ትንሽ ወንበር ግድግዳ ታስጠጋለች፤ ከዚያ ሜትሯን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች መምህር ትሆናለች።

«አሁን ክፍል ገብተናል። እጅ?»

«ወደ ኋላ!»

«አፍ?»

«ዝም!»

«ያወራ?»

«ተሸነፈ!»

መጀመሪያ ሰሞን ልጅቷ ሳቋ እያመለጣት ቶሎ ቶሎ ትሸነፍ ነበር። እናትየው ስትቆጣት ግን እየቆየች ለመደችው። አንድ ቀን አባትየው ከሥራ ሲገባ ልጅቷ ጉንጯን ነፍታ፣ እንደ ሐውልት ደርቃ ተቀምጣ አገኛት።

«ኧረ ተያት እባክሽ፣ ልጅ አይደለች እንዴ!»

«አንተ ምን ቸገረህ፤ ሰው ፊት የምሸማቀቀው እኔ!» አለችው።

ትምህርት የተጀመረ ዕለት እናትየው ራሷ የሰፋችውን ባለ ኪስ ቀሚስ አልብሳ ወሰደቻት። በር ላይ ሌሎቹ ልጆች እናቶቻቸው ላይ ተጣብቀው ያለቅሳሉ። የሷ ልጅ እጇን ወደ ኋላ አጣምራ፣ ዞር ብላ እንኳን ሳታይ ገባች። እናትየው ያን ቀን እየዘፈነች ሰፋች።

ልትወስዳት ስትመለስ ልጅቷ የሰው ሱሪ ለብሳ ጠበቀቻት። ቀሚሱ በፌስታል ሆኖ መምህርቷ እጅ ላይ ነበር።

«አይጨነቁ፣ ሽንቷ አምልጧት ነው፤ ያጋጥማል» አለች መምህርቷ። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ግን ልጠይቅዎት… ልጅዎ መናገር ትችላለች?»

«እንዴት አትችልም!» አለች እናትየው።

«ቀኑን ሙሉ አንዲት ቃል አልወጣትም። ስሟን ስጠይቃት እንኳን ከንፈሯን ነከሰች።»

መንገድ ላይ እናትየው ልጇ ፊት ቁጢጥ ብላ፣ «ሽንቴ መጣ አትያቸውም ነበር? ለምን ዝም አልሽ?» አለቻት።

ልጅቷ የሚሰማት ሰው እንደሌለ ዙሪያዋን ቃኘችና በሹክሹክታ፣ «እማዬ፣ ሁሉም አወሩ። እኔ ብቻ ነኝ ያላወራሁት። አሸነፍኩ አይደል?» አለቻት።

እናትየው የቀሚሱን ፌስታል ክንዷ ላይ አንጠለጠለች። ልጇን አቅፋ አነሳቻትና እስከ ቤት ተሸክማት ሄደች።

በበነጋው የሆነውን ሁሉ ለመምህርቷ ነገረቻት። ብትወቅሳት ይቀላት ነበር፤ መምህርቷ ግን «ጊዜ ይስጧት» ብቻ አለቻት። ቤት ውስጥ «ጨዋታው አብቅቷል፣ እንደልብሽ አውሪ» ብትላትም፣ ልጅቷ እንደሚፈትኗት ሰው ዓይን ዓይኗን እያየች ዝም ትላለች።

ወራት ካለፉ በኋላ አፏ ተፈታ፤ መጀመሪያ አጠገቧ ለምትቀመጠው ልጅ በሹክሹክታ፣ ኋላም ለመምህርቷ። አንድ ቀን መምህርቷ በር ላይ እየሳቀች፣ «ዛሬ ክፍሉን በሳቅ ገደለችው! ጫማዋ የጠበባት ጨረቃ የሚል ተረት ነገረችን» አለቻት።

ቤት ገብተው ልጅቷ ሥዕሏን መቀባት ስትጀምር እናትየው አላስቻላትም።

«እስቲ ለኔም ንገሪኝ፣ የኔ ቆንጆ።»

«እሱ የክፍል ነው» አለች ልጅቷ።

«ትንሿን ብቻ?»

«አንቺ ሥራሽን ሥሪ፣ እማዬ። አልረብሽሽም።» ይህን ያለችው በኩርፊያ አልነበረም፤ በደግነት ነበር። ወለሉ ላይ በሆዷ ተኝታ ሥዕሏን ቀለም መቀባት ቀጠለች።

እናትየው ጀምራ የተወችውን ሸሚዝ ወደ ጎን አድርጋ አጠገቧ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። አንድ እርሳስ አንስታ፣ «ይሄን ቤት በምን ልቀባው?» ብላ ጠየቀቻት።

ልጅቷ ትንሽ አሰበች።

«በቢጫ» አለች። ሌላ አልጨመረችም።