ያለ ሽሮፕ አሥራ ስምንት ሰዓት

ዶክተር አንሙት መዳን የማይችሉ ሕመምተኞችን ሥቃይ ስለ ማስታገስ የአምስት ቀን ሥልጠና ወስዶ ደብረ ማርቆስ በተመለሰ ሰሞን፣ መጀመሪያ የገጠሙት ሰው የዲማው የቅኔ መምህር የኔታ ወልደ ሩፋኤል ነበሩ። ካንሰሩ አጥንታቸው ውስጥ ገብቷል። ልጃቸው ወለተ ሐዋርያት ከተማ ያለው ቤቷ አምጥታ ታስታምማቸዋለች። አንሙት ሲደርስ በጉልበታቸው ተደፍተው፣ ትራሱን ነክሰው አገኛቸው። ሌሊት ከቀን እንቅልፍ ካጡ ሁለተኛ ሳምንታቸው ነበር።

እንደተማረው፣ የሞርፊን ሽሮፕ በየአራት ሰዓቱ እንዲወስዱ አዘዘ። በሦስተኛው ቀን ሲመለስ የኔታ ግድግዳ ተደግፈው ተቀምጠው፣ ሊጠይቃቸው የመጣ ተማሪያቸውን ቅኔ እያረሙ ነው። አንሙት ሐኪም በመሆኑ እንደዚያን ቀን ደስ ብሎት አያውቅም።

ዓርብ ዕለት ግን የኔታ እሑድ ሊቆርቡ እንደወሰኑ ነገሩት። ስለዚህ ከቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ እስከ እሑድ ሦስት ሰዓት በአፋቸው ምንም አይገባም፤ ሽሮፑም ጭምር። አንሙት መጀመሪያ የሰማውን አላመነም። በመርፌ የሚሰጥ ሞርፊን ፍለጋ ከተማውን አዳረሰ፤ አጣ። ቢቸግረው ወደ ንስሐ አባታቸው ወደ ቄስ ኪዳነ ማርያም ሄደ። ቄሱም ለሞት የቀረበ ሰው መድኃኒቱን ወስዶ ቢቆርብ እንደማይከለክሉ ነገሩት። ምሥራች እንደያዘ ሰው እየተጣደፈ ተመለሰ።

የኔታ አዳምጠውት ሲያበቁ ፈገግ አሉ።

«ቄሱ ያሉህ ለሚያጣጥር ሰው ነው፤ ልጄ። ባለፈው ሳምንት አጣጣሪ ነበርሁ። ያንተ ሽሮፕ አስነሥቶ አስቀመጠኝ። ቅኔ እያረምሁ ውዬ እግዜር ፊት አጣጣሪ ነኝ ልበል?»

አንሙት ሥልጠናውን ለሰጠችው ለዶክተር የዓለምዘርፍ ስልክ ደውሎ ምን ቢያደርግ እንደሚሻል ጠየቃት። ሕመምተኛው ሕመሙን ይፈልገው እንደሆነ ጠየቀችው። አይፈልገውም፤ መቍረብ ብቻ ነው የሚፈልገው አላት።

«እኔም አላውቅም» አለችው። «አጠገባቸው ሁን።»

ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ሌሊቱን እንዲያሻግራቸው ብሎ መጠኑን እጥፍ አድርጎ ሰጣቸው። እሑድ ሲነጋ ተማሪዎቻቸው በቃሬዛ ተሸክመው ወደ ቤተ ክርስቲያን ወሰዷቸው። አንሙት ብልቃጡን ኪሱ ከቶ ከጎን ከጎን ሄደ። የጥቅምት ውርጭ እያለ ጋቢያቸው በላብ ርሷል። ቅዳሴው እስኪያልቅ አላቃሰቱም፤ ከንፈራቸውን ብቻ ነክሰዋል። ቆርበው ሲመለሱ ፊታቸውን አየ፤ ሥቃይ ይሁን ደስታ መለየት አቃተው። የቍርባኑን ውሃ ከጠጡ በኋላ እጃቸውን ዘረጉ።

«አሁን ስጠኝ» አሉት።

እዚያው ግቢ ውስጥ ሰጣቸው። ከሰዓት በኋላ ተኙ፤ ማክሰኞ ጧት በእንቅልፋቸው እንዳሉ ዐረፉ።

ለቅሶው ላይ ወለተ ሐዋርያት አጠገቡ መጥታ ተቀመጠች። ቅዳሜ ለእሑድ አጥቢያ አባቷ ሲያልባቸው እያየች፣ ጥጥ በሽሮፑ ነክራ ሳያውቁ ከንፈራቸው ላይ ልታደርግ ዳድቷት እንደነበር ነገረችው። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ጠየቀችው።

«ባደርገው ይሻል ነበር እንዴ፣ ዶክተር?»

እሱም ቅዳሴው መሐል ብልቃጡን ሁለት ጊዜ ከፍቶ መልሶ እንደዘጋው ነገራት። የጠየቀችውን ግን አልመለሰላትም፤ አያውቀውምና።