ወደ በሻህ የሚወስዱ ሁለት መንገዶች

1.

ጠቅ አድርጊ።

[[ትንግርት]] → [[ተክሉ]] → [[ደምሴ]] → [[አየለ]] → [[ወንድይራድ]] → [[ጎበና]] → [[በሻህ]]

አሁን ደግሞ በሱ በኩል።

[[አንተነህ]] → [[ሽፈራው]] → [[ገብሬ]] → [[ላቀው]] → [[ዓለሙ]] → [[ተድላ]] → [[በሻህ]]

ቆዪ።


2. (መጀመሪያ መምጣት የነበረበት መግቢያ)

ትንግርት እኔ ነኝ። ደብረ ብርሃን ውስጥ መሬት እቀይሳለሁ። ኮምፒውተሬ ላይ ለራሴ ብቻ የሠራሁት ዊኪ አለ፤ ለእያንዳንዱ ዘመድ አንድ ገጽ። የአንዱን ስም በሁለት ቅንፍ ውስጥ ካስገባሁት ወደ ገጹ የሚወስድ ማያያዣ ይሆናል። ማውጫውንም ራሱ ያወጣል። ሦስት መቶ አርባ ገጽ ደርሻለሁ፤ በዚህ ስኮራ ልክ የለኝም።

አንተነህ እጮኛዬ ነው። እሑድ ሽማግሌ ይልካል። ሽማግሌ ከመጣ ሰባት ቤት ይቆጠራል፤ ከዚያ ወዲህ ከተገናኘን ጋብቻ የለም። እኔ ታዲያ በጉራዬ፣ «ማንም በአፉ አይድከም፣ ማሽኑ ይቆጥራል» ብዬ ለአገሩ ሁሉ አውርቻለሁ። የአንተነህን የዘር ሐረግ ከአጎቱ ከአቶ መኩሪያ በስልክ ተቀብዬ ያስገባሁት ዛሬ ጠዋት ነው።

ስድስተኛው ቤት ላይ ተገናኘን።

የፈሩት ይደርሳል ይባላል። እኔ ግን መፍራት እንዳለብኝ እንኳ አላወቅሁም ነበር።


3. ከዚያ በኋላ ያደረግሁት

ማውጫውን አሥራ አንድ ጊዜ አደስኩት። አሥራ አንድ ጊዜም ያው ነው።

የበሻህን ገጽ ልሰርዘው ጣቴን አነሳሁ። ብሰርዘው ማንም አያውቅም። እኔ ግን አውቃለሁ፤ ተውኩት።

ለአንተነህ ደወልኩ። «ስድስትና ሰባት በጣም ይራራቃሉ እንዴ?» አለኝ። እየሳቅሁ አለቀስኩ።


4. ግልባጭ

(እትዬ ዘነቡ የአባቴ ታላቅ እህት ናቸው። በእኛ በኩል ያለውን ስም ሁሉ ያስጻፉኝ እሳቸው ናቸው። ቤታቸው ስደርስ አተር እየለቀሙ ነበር።)

እሳቸው፦ ምነው ፊትሽ ጠቆረ?

እኔ፦ ከአንተነህ ጋር ዘመድ ነን፣ እትዬ።

እሳቸው፦ በማን በኩል?

እኔ፦ በበሻህ።

እሳቸው፦ በሻህ ምናችን ነው?

እኔ፦ የጎበና አባት ነዋ።

(አተሩን ተዉት።)

እሳቸው፦ ማን አለሽ?

እኔ፦ እርስዎ ነዎታ። «ጎበና በሻህ» አሉኝ፣ ጻፍኩ።

እሳቸው፦ መጠሪያውን ነው የነገርኩሽ። ማን ወለደው ብለሽ መች ጠየቅሽኝ? የጎበና እናትና አባት በተስቦ ሲያልቁ በሻህ ጎረቤት ነበር። ወስዶ አሳደገው፣ በስሙም ተጠራ። የወለደውማ ኃይሉ ነው።

እኔ፦ ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?

እሳቸው፦ ያሳደገውን ሰው «አልወለደውም» እያሉ ማውራት ነውር ነው። አባቱ ነው ብለን ዝም እንላለን። የሚነሳው ሰባት ቤት ሲቆጠር ብቻ ነው። አንቺ ደግሞ ቆጣሪ አያስፈልገኝም አልሽ።



እኔ፦ የእነሱ ቤት ይህን ያውቃል?

እሳቸው፦ ስልኩን ወዲህ በዪ።


5. ስልኩ

«አቶ መኩሪያ፣ ጎበናን ያውቁታል?»

«የበሻህን ማደጎ? እንዴት አላውቀውም። ከኛው ከተድላ ጋር በአንድ ገበታ ያደገ ነው። አባቴ ሲያወሩ ሲዳር በሬ የሰጠው በሻህ ነው ይሉ ነበር።»

«ሥጋችሁ ነው?»

«ሥጋስ አይደለም። የኃይሉ ደም ነው። ታዲያ እነዚህ ልጆች ምን ሆኑ?» አሉ።

እትዬ ዘነቡ ወደ እኔ አዩ። «ምንም አልሆኑ» አሏቸው።


6. ጥፋተኛው ቅጽ

ቅጹን ያዘጋጀሁት እኔው ነኝ። ሁለት ክፍት ቦታ ብቻ ነበረው፣ አባትና እናት። ቀያሽ ስለሆንኩ ይሆናል፣ ሰው ሁሉ በሁለት መስመር የሚከለል ይመስለኛል።

የቀድሞው፦

አባት፦ [[በሻህ]]

የዛሬው፦

አባት፦ [[ኃይሉ]]
ያሳደገው፦ [[በሻህ]]

ወደ በሻህ የሚወስደውን ማያያዣ አልቆረጥኩትም። እንዴት ብዬ? ያ ሰው ጎበናን ባያነሳው እኔም የለሁም።

ለአንተነህ ደወልኩ።

«የእኛ ጎበና እናንተ ቤት በልቶ ነው ያደገው።»

«እና ውለታ ልትመልሺ ነው የምታገቢኝ?»

«ዝም በል።»

ዝም አላለም። እኔም ስልኩን አልዘጋሁም።

ደስ አለኝ።

ደስ

አለኝ።


7. እሑድ

ሽማግሎቹ መጡ። አቶ መኩሪያ በአፋቸው ቆጠሩ፣ እትዬ ዘነቡ በአፋቸው መለሱ፣ እኔ ጓዳ ሆኜ በማያያዣዎቹ ላይ ተከተልኳቸው። አንድም ቤት አልተሳሳቱም። ሰባቱ ሲሞላ ሳሎኑ በእልልታ ተናጋ።

እንግዶቹ ሲወጡ እትዬ መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ፤ መነጽራቸውን አድርገው ማውጫውን ከላይ እስከ ታች አነበቡት።

«አንቺ ላይ ያልቃል?»

«አዎ፣ እትዬ።»

«ምን ቸኮልሽ? ከታች አንድ መስመር ጨምሪ።»

«ስሙን ሳላውቅ?»

«ቦታውን ያዢለት።»

ያዝኩ። አንድ ቀን ማንበብ የምትችል ወይም የምትችይ ከሆነ፣ ይህን ገጽ ከፍተህ ወይም ከፍተሽ ስምሽን ራስሽ ጻፊ፣ ስምህን ራስህ ጻፍ።

ማውጫ (ከኃይሉ ወዲህ)

[[ኃይሉ]]
[[ጎበና]] (ያሳደገው [[በሻህ]])
[[ወንድይራድ]]
[[አየለ]]
[[ደምሴ]]
[[ተክሉ]]
[[ትንግርት]] እና [[አንተነህ]]
[[                    ]]