ቦዩ ዳር የተቀመጠ ቦርሳ

በእግር ተጓዦች ማኅበራችን ውስጥ አንድ የማይጣስ ሕግ አለ። ጫካ ውስጥ ለሽንት ዘወር የሚል ሰው ቦርሳውን መንገዱ ዳር አስቀምጦ ይሄዳል። ጭራ የምንለው፣ ከሁሉም ኋላ የሚሄደው ሰው፣ ቦርሳውን ሲያይ ይቆማል፤ ፊቱን አዙሮ ባለቤቱ እስኪመለስ ይጠብቃል። ይህን ሕግ ለአዲስ መጪዎች የማስተምረው፣ ሲረሱም የምቆጣው እኔ ነበርኩ። እኔው ጣስኩት።

ባሌ ክላይቭ ከጭራነት ሌላ ሹመት አያውቅም፤ አይፈልግምም። የሁለታችንንም ስንቅ በአንድ ቦርሳ የሚሸከመው እሱ ነበር። ስለዚህ ዘወር ስል የማስቀምጠው ነገር የለኝም፤ ክላይቭ ራሱ መንገዱ ላይ ተገትሮ ይጠብቀኛል። የምንጓዝበት ጫካ ድሮ ወርቅ የተቆፈረበት ነውና "ቀስ በይ፣ ወርቁ እንደሆነ አልቋል" ይለኛል። ሁልጊዜ ያቺኑ ቀልድ። ሰለቸኝ እያልኩት ኖርን።

በመጋቢት ሞተ። ክረምቱ አልፎ የግራሩ ቢጫ አበባ ሲፈነዳ ማኅበሩ ወደ ወርቅ ቆፋሪዎቹ ቦይ ሊወጣ ሆነና መሪያችን ግሌኒስ ደወለች።

"ነይ እንጂ ኖሪን! ግድግዳ ስታዪ ልትከርሚ ነው?"

እውነቷን ነው፣ ግድግዳ ነበር የማየው። የክላይቭን ቦርሳ ማንገቻ በልኬ አሳጥሬ ተሸከምኩና ሄድኩ። ለራሴ ግን ቆርጫለሁ፤ ዛሬም ቤቴ ውስጥ እንዳለሁት ብቻዬን ከሆንኩ ዳግመኛ አልመጣም።

ቦዩ በተራራው ወገብ ዙሪያ ይሄዳል። የድሮዎቹ ወርቁን የሚያጥቡበትን ውሃ ለማምጣት በዶማና በአካፋ የማሱት ነው፤ አሁን የባሕር ዛፍ ቅርፊትና ቅጠል ሞልቶታል። መንገዱ በአፋፉ ላይ ስለሆነ አንድ በአንድ ነው የሚኬደው፤ የምታወራውም ከሰው ጀርባ ጋር ነው። ከፊቴ ያለችው ሴት ስለ ጉልበቷ ቀዶ ጥገና ስታወራ አረፈደች። ስለ ክላይቭ አንድም ሰው አልጠየቀኝም። እንዳታለቅስብን ብለው መሆን አለበት። ጨዋነት መሆኑ ነው!

ከቁርስ ሻይ በኋላ ዘወር አልኩ። ከቁጥቋጦው ጀርባ ሆኜ የአዲሱ ጭራ የኔቪል ድምፅ ሲቀርብ ሰማሁ። ኔቪል ደግ ሰው ነው፣ አፉ ግን አያርፍም፤ ከአንዱ ጋር ስለ መኪና ጎማ ይከራከር ነበር። ድምፁ ቀረበ፣ አለፈኝ፣ እየራቀ ሄደ። ይቆማል ስል ጠፋ።

ስወጣ መንገዱ ላይ ማንም የለም። ቦርሳው ጀርባዬ ላይ ነው።

ፊሽካ አንገቴ ላይ ተንጠልጥሏል። አልነፋሁትም። መጥፋትስ አልጠፋም፤ ቦዩን ከተከተልኩ እነሱው ጋ ያደርሰኛል። እስቲ ማን ነው የሚፈልገኝ ብዬ አፋፉ ላይ ተቀመጥኩ። ከፔርሙዙ ሻይ ቀድቼ ጠጣሁ። ሻዩ አለቀ፣ ማንም አልመጣም። ያን ጊዜ ሆድ ባሰኝና አለቀስኩ፤ ክላይቭ ሲቀበር ያላለቀስኩትን ያህል አለቀስኩ።

ስደርስባቸው ምሳ ይበላሉ።

"ኖሪን፣ ኬክ አለ!" አለች ግሌኒስ። አለመኖሬን አላወቀችም።

በቀጥታ ወደ ኔቪል ሄድኩ። "ጭራ ነኝ ትላለህ አይደል? ሰው ጥለህ ስትመጣ ምን ዓይነት ጭራ ነህ?"

"የት ነው የጣልኩሽ?"

"ጫካ ውስጥ! አንተ ጎማህን ስታሽከረክር!"

"ታዲያ ቦርሳሽን አስቀምጠሽ ነበር? ሕጉን ያስተማርሽኝ አንቺ አይደለሽም እንዴ፣ እሜቴ!"

ሁሉም ሳቁ። ሳቁ ሳያልቅ የኔቪል ዓይን ቦርሳዬ ላይ አረፈ። የማን እንደነበር አወቀ መሰለኝ። እኔም ኬኩን በላሁ። ምንም አልጣመኝም። በቃ፣ ይህ የመጨረሻዬ ነው አልኩ።

ስንመለስ እዚያው ቦዩ ላይ ምን እንደነካኝ አላውቅም፤ ቦርሳውን አወረድኩና መንገዱ ዳር በደንብ በሚታይ ቦታ አስቀመጥኩት። ሽንቴ መጥቶም አይደለም። ገባ ብዬ ከአንድ ወፍራም ባሕር ዛፍ ጀርባ ቆሜ እንደ ሌባ ማየት ጀመርኩ። ከኋላዬ የነበሩት አንድ በአንድ አለፉ። ቦርሳውን ያየ እንኳ አልነበረም። በዚህ ዕድሜዬ እንዲህ መደበቄ አሳፈረኝ።

ኔቪል ከዚያው ከጎማው ሰውዬ ጋር ደረሰ። ቦርሳውን ሲያይ ወሬውን አቋረጠ።

"ምነው ቆምክ?" አለው ሰውዬው።

"አንተ ሂድ፣ እኔ ሰው አለኝ።"

ሰውዬው ሄደ። ኔቪል ጀርባውን ለጫካው ሰጥቶ ከቦርሳው አጠገብ ቆመ። አልጠራኝም፣ አላፏጨም፤ ያ አፈኛ ቃል ሳይተነፍስ ቆመ።

ወዲያው መውጣት ነበረብኝ። ግን አልወጣሁም። ቆሞ ሲጠብቀኝ እያየሁ ትንሽ ቆየሁ።