ጣውንቴ ቤንዚን አትጠጣም

«ለአሮጌ ሞተር ናፍጣው ላይ ትንሽ ላምባ ጣል ማድረግ ነው» አሉ ጡረተኛው የጭነት መኪና ሾፌር፣ የሻይ ብርጭቆአቸውን ጉልበታቸው ላይ እንዳስደገፉ። «ያኔ ጠዋት ጠዋት አታስቸግርም።»

ልብስ ሰፊዋ ጥርሷን ነከሰች። ባሏን ከቀበረች ሦስተኛ ቀኗ ነው። በነዚህ ሦስት ቀናት ስለ እሱ የተወራው ስለ መኪናው ከተወራው ግማሹን አይሞላም። ለቀስተኛው ይመጣል፣ «ያጥናሽ» ይላል፣ ዓይኑን ይጠርጋል፣ ሻይ ይቀበላል፤ ብርጭቆው ሳይጋመስ ወሬው ወደ አሮጊቷ የመስክ መኪና ይዞራል። ትናንት የመጣው ጎረቤት ወፍራም ዘይት ይደረግላት ብሎ ሄደ። ከሱ ቀጥሎ የመጣው ቀጭን ይሻላል አለ። አሁን ደግሞ አስተማሪው ጎረቤቷ፣ መኪና ኖሮት የማያውቀው ሰውዬ፣ ላምባ ፓምፑን ያደርቀዋል እያለ ሾፌሩን ይሞግታል።

ይህን ሁሉ ከማንም በፊት ከባሏ ሰምታዋለች። ሳትጠይቀው፣ ሳትፈልግ፣ እህል እየቀመሰች ሳለ ሁሉ ሰምታዋለች።

ባሏ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ክትባት ይዘው ገጠር ለገጠር የሚዞሩትን ነርሶች የሚያደርስ ሾፌር ነበር። ጡረታ ሲወጣ መሥሪያ ቤቱ መኪናዋንም አሮጌ ናት ብሎ ሸጣት፤ የገዛት እሱ ነው። ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ጠዋት ማለት ከመኪናዋ ሥር የወጡ ሁለት እግሮች ማለት ሆነ። ከናፍጣው የተጣራውን ውኃ ያፈሳል፣ የአየር ማጣሪያውን አውጥቶ ያራግፋል፣ ዘይቱን በጣቶቹ መሃል አሽቶ ያያል። የተጋቡበትን ቀን ሲጠይቁት ጣቱን ይቆጥራል፤ ዘይት የቀየረበትን ቀን ሲጠይቁት ግን ሰዓቱን ጨምሮ ይናገራል። ልብስ ሰፊዋ መኪናዋን «ጣውንቴ» ነበር የምትላት። መጀመሪያ ለቀልድ ነበር፤ በኋላ ግን ቀልድነቱ እየቀነሰ ሄደ። ስፌቷን ትታ ካቻቢቴ እንድታቀብል የምትጠራ ሌላ ሚስት የት አለች?

ስልኳ ጮኸ። ዋርሳዋ ነው፣ የባሏ ታናሽ ወንድም። ጠዋት በዚያችው መኪና ልጇን ከአውቶቡስ ማቆሚያ ሊቀበል ሄዶ ነበር። ልጅቱ ሩቅ አገር ሥራ ላይ ስለነበረች ለቀብሩ አልደረሰችም።

መኪናዋ ድልድዩ ጋ ቆማለች አላት፣ በቀጭን ድምፅ።

«ምን ሞላህባት?»

«ድልድዩ ጋ ነን» ሲል ደገመላት።

«ምን ሞላህባት ነው የምልህ?»

«ማደያው ላይ የናፍጣው ሰልፍ ረጅም ነበር፣ እትዬ» አለ። «ከጎኑ ያለው አጭር ነበር።»

ልብስ ሰፊዋ ዓይኗን ጨፈነች። ሰው አጭር ሰልፍ አይቶ ወንድሙ እንደ ዓይኑ ብሌን የጠበቃትን የናፍጣ መኪና ቤንዚን ያጠጣል? ቁልፉን እንዳይነካ አስጠነቀቀችውና ተነሣች። ቤቱ ተንጫጫ። ሐዘንተኛ ወዴት ነው የምትሄደው አሉ፤ መካኒክ ይጠራ አሉ፤ የመካኒኩ ስልክ ዝግ ሆነ። ሾፌሩ ቤንዚኑ ላይ ናፍጣ ቢጨመርበት ይበቃል ሲሉ፣ አስተማሪው መጎተት አለባት ብሎ ተነሣ። ሁለቱ በሩ ላይ ቆመው ሲከራከሩ በመሃላቸው አልፋ ወደ ዕቃ ቤት ገባች። ባሏ ትርፍ የናፍጣ ፊልትሮ ሳይኖረው አድሮ አያውቅም። አንዱን ፊልትሮ፣ የቁልፎቹን ከረጢት፣ ባዶውንና ናፍጣ የሞላውን ጄሪካን ይዛ ታክሲ አስቆመች።

ልጇ ከድልድዩ አጠገብ ሻንጣዋ ላይ ተቀምጣ ነበር። እናቷን ስታይ ተነሥታ ሮጠች፤ መንገድ ዳር ተቃቅፈው አለቀሱ። ዋርሳው እንደተቀጣ ተማሪ ራቅ ብሎ መሬት መሬት ያያል። ልብስ ሰፊዋ አፍንጫዋን ጠረገች፣ ጥቁር ቀሚሷን እስከ ጉልበቷ ቋጠረችና ከመኪናዋ ሥር ገባች።

ከታንኩ ሥር ያለውን ብሎን ፈታች፤ ቤንዚኑ ባዶው ጄሪካን ውስጥ መንቆርቆር ጀመረ። ተንጠፍጥፎ ሲያልቅ ብሎኑን መልሳ አጠበቀች። ወጥታ አሮጌውን ፊልትሮ አውልቃ አዲሱን አሠረች። ናፍጣውን ሞላች። ከዚያ የፊልትሮውን ብሎን ትንሽ አላልታ ከላዩ ያለችውን የእጅ ፓምፕ ትጫን ጀመር፣ አየሩ እስኪወጣ።

«እማዬ፣ ይህን መቼ ተማርሽ?» አለች ልጇ።

«ተገድጄ።»

ዋርሳው ጠጋ አለ። «ወንድሜ ይህን ቢያይ ይገድለኝ ነበር» አለ፤ ድምፁ ተሰበረ።

ልብስ ሰፊዋ ልትቆጣው አፏን ከፈተች። ከጠዋት ጀምሮ ያጠራቀመችው ቁጣ ነበራት። ግን ፊቱን ስታየው የሟቹን ፊት አየችበት፤ ያንኑ የተርበተበተ ፊት፣ የዛሬ ሠላሳ ዓመት።

«ወንድምህ አይገድልህም» አለች ፓምፑን ሳትለቅ። «እሱም ሠርቶታል።»

ሁለቱም አዩአት።

ልጇ የተወለደችው በዚችው መኪና የኋላ ወንበር ላይ ነው። ቤተሰቡ ሁሉ የሚያውቀው ወሬ ነው፤ አባቷ እንግዳ በመጣ ቁጥር ያወራዋል፦ ይቺ ልጅ ችኩል ናት፣ ሐኪም ቤት እስክንደርስ እንኳ አልጠበቀችም እያለ። ትምህርት ቤት ስትዘገይም «ያ ሁሉ ችኮላሽ የት ሄደ?» ይላት ነበር።

«አንቺ አልቸኮልሽም» አለቻት እናቷ። «ምጤ ሲመጣ ተደናብሮ ቤንዚን ሞላባት። ግማሽ መንገድ ላይ ቀጥ አለች። የተቀበለችሽ በመንገዱ የምታልፍ አትክልት ሻጭ ናት። ለሰው ሁሉ ልጅቷ ቸኮለች ብሎ አወራ። እኔም ዝም አልኩለት።»

«ሠላሳ ዓመት ሙሉ ችኩል ስባል!» አለች ልጅቱ፤ ሳቅ ያዛት፤ ሳቁ መሃል ላይ ሌላ ነገር ሆነና ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።

«ይቅርታ ሲለኝ አንድም ቀን አልሰማሁም» አለች ልብስ ሰፊዋ፣ ለልጇም ለዋርሳዋም ሳይሆን ለሞተሩ የምትናገር ይመስል። «ቅዳሜ ቅዳሜ ከሥሯ ሲገባ ነው ያየሁት። እኔ ደግሞ ስቆጣው ኖርኩ።»

ከፊልትሮው ብሎን ዙሪያ ሲፍለቀለቅ የነበረው አረፋ ጠፋ፤ ንጹሕ ናፍጣ ወረደ። ብሎኑን አጠበቀችና ዋርሳዋን ግባና አስነሣት አለችው። መኪናዋ አንዴ አጓራች፣ ሁለቴ አጓራች። በሦስተኛው ነጭ ጭስ ተፋችና ተነሣች።

ግቢው ሲደርሱ ልብስ ሰፊዋ ከዋርሳዋ ጎን ተቀምጣ ነበር። ለቀስተኞቹ የሞተሩን ድምፅ ከቤት ሰምተውት ኖሯል፤ ክርክሩ ቀጥ ብሏል። አንድ በአንድ ወደ በሩ ወጡ። ጡረተኛው ሾፌር ቆባቸውን አወለቁ። ሁሉም የሚያዩት የመኪናዋን የሾፌር በር ነው፤ በዚህ ድምፅ ማን ይወርድ እንደነበር ያውቃሉ።

ዋርሳው ሞተሩን ሊያጠፋ እጁን ወደ ቁልፉ ሰደደ። ልብስ ሰፊዋ አንጓውን ያዘችው።

«ናፍጣው ያልቃል፣ እትዬ» አላት ቀስ ብሎ።

«ይለቅ» አለች፤ እጁንም አልለቀቀችም።