በአንድ ከሰዓት ሦስት ጊዜ የመጡ ሽማግሌዎች

ኑ እስቲ፣ ጠጋ ጠጋ ብላችሁ ተቀመጡ። አንቺም ያን ስልክ ለጊዜው አስቀምጪው፣ የትም አይሄድብሽም። የዛሬው ወሬ የሳቅ ወሬ ነው፤ ሳቅ ደግሞ ተሰብስበው ሲሰሙት ነው የሚያምረው። የጂጂን ነገር ነው የማጫውታችሁ፤ የሱሉልታዋን፣ የኦቦ ኢተፋን ልጅ፣ ግራ እግረኛዋን።

ቡራዩ ላይ ገፈርሳ የሚባል የሴቶች እግር ኳስ ቡድን አለ። ያን ዓመት ወደ ላይኛው ሊግ አደገ። ማደጉ ደስ ይላል፤ ግን ባደገ በወሩ ነባሮቹ ተጫዋቾች አንድ በአንድ ወደ ትልልቆቹ ክለቦች ሄዱበት። አሰልጣኟ ተረፈች ምን ታድርግ? ቁጭ ብላ አላለቀሰችም። «የበሰለ ካላገኘን እናበስላለን» አለችና ከሰበታ፣ ከቡራዩ፣ ከሱሉልታ ወጣት ወጣቶቹን ትለቅም ጀመር። ከሰበታ ሲድራን አገኘች፤ የባለሱቅ ልጅ፣ አጥቂ፣ አፏም እግሯም የማያርፍ። ከቡራዩ ራያን አገኘች፣ ግብ ጠባቂ። እንዲህ እያለች ሃያ ሁለት ተጫዋች ሞላላት። የቀረችው አንዲት ቦታ ነበረች፣ የግራ ተመላላሽ።

ተመላላሽ ማለት ቡድኑ ሲከላከል ከኋላ፣ ሲያጠቃ ከፊት፣ መስመሯን ይዛ ስትወጣ ስትወርድ የምትውል ተጫዋች ናት። ሳንባ ይፈልጋል። በግራ እግሯ የምትጫወት ደግሞ እንደ ልብ አትገኝም።

ጂጂ ተገኘች። አስራ ሰባት ዓመቷ ነበር። ለሙከራ ቡራዩ የሄደች ቀን ሲድራን ሦስት ጊዜ ኳስ ቀማቻት። በአራተኛው ሲድራ ሜዳው ላይ ዘፍ ብላ ተቀመጠችና «ኮች፣ ይቺን ወይ አስፈርሚያት ወይ ወደ ቤቷ ስደጂልኝ፤ መሃል ላይ አታኑሪያት» አለች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሁለቱ የማይለያዩ ጓደኞች ሆኑ።

ታዲያ ዕድሜዋ ስላልደረሰ የወላጅ ፊርማ ያስፈልጋል። የተጫዋቾች ምዝገባው የሚዘጋው ደግሞ ዓርብ፣ ከቀኑ አስራ አንድ ሰዓት ላይ ነው። ከዚያ በኋላ ንጉሥ ቢመጣም አይከፈትም።

«አባትሽን ልደውልላቸው?» አለች ኮች ተረፈች።

«ኧረ በስልክ አይሆንም» አለች ጂጂ። «እኔም ብነግራቸው ‹እሺ እናያለን› ብለው ያልፉኛል። አባ በልጅ አፍ የመጣ ነገር አይሰሙም። ሽማግሌ ከላክሽ ግን ሰው አክባሪ ናቸው።»

ተረፈች የሰበታ ልጅ ናት፣ ወጉን ታውቃለች። ሽማግሌ መርጣ ለምና እስክታሰባስብ ግን ሦስት ቀን ሄደ፤ ዓርብ ደረሰ። የሽማግሌዎቹ አለቃ አጎቷ ኦቦ ቦሩ ነበሩ። እኚህ ሰው ሰባ ዓመታቸው ነው፤ በአካባቢው ካለው ትዳር ግማሹን ለምነው ያመጡት እሳቸው ናቸው። ኳስ ግን አይተው አያውቁም። ሁለተኛው አቶ ዲኖ፣ ቡራዩ ላይ ጫማ ቤት ያላቸው፣ የቡድኑ ደጋፊዎች አለቃ። ሦስተኛው የክለቡ ሾፌር ሶያማ ነው። ዕድሜው እንኳ ለሽምግልና አይደርስም፤ ግን ሽማግሌ ሁለት ሆኖ አይሄድማ። ጋቢ አለበሱትና «አንተ አትናገር፣ ራስህን ብቻ እየነቀነቅህ ተቀመጥ» አሉት።

ሚኒባሷን አስፋልቱ ዳር አቁመው፣ ጭቃውን እየዘለሉ፣ ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ከኦቦ ኢተፋ ደጅ ደረሱ። የጂጂ እናት አዴ ዱርሲቱ ወተት በትልልቅ ብርጭቆ አቀረቡ። ጂጂ ከመጋረጃው ወዲያ ባለችው ክፍል፣ ስልኳን ይዛ መስኮቷ ሥር ተለጥፋለች፤ በዚያ ቤት ኔትወርክ ከተገኘ የሚገኘው እዚያች ጥግ ላይ ነው፣ ያውም ለጽሑፍ ብቻ።

«ፈረሙ?» ብላ ጻፈች ሲድራ ከቡራዩ፣ ከኮች ጎን ሆና።

«ገና ስለ ላም እያወሩ ነው።»

ሩብ ሰዓት አለፈ። «አሁንስ?»

«አሁን ስለ ገብስ።»

«ኦቦ ቦሩን ጫማቸውን ሰርቀሽ አስነሺያቸው፣ ልቤ ሊወጣ ነው።»

ኦቦ ቦሩ ገብሱን ጨረሱና፣ ተነሥተው ጋቢያቸውን አስተካከሉ። ልማድ ነውና አፋቸው ራሱ ወደሚያውቀው መንገድ ሄደ። «ኦቦ ኢተፋ፣ እግራችን ከደጃችሁ የደረሰው በከንቱ አይደለም። ከዚህ ቤት አንዲት የተባረከች ልጅ አለች ሲባል ሰምተን…»

ኦቦ ኢተፋ አላስጨረሷቸውም። «ልጄ አስራ አንደኛ ክፍል ናት። ለባል የምትሰጥ ልጅ የለኝም። ወተታችሁን ጠጡና በሰላም ግቡ።»

ጂጂ ከመጋረጃው ወዲያ አፏን በሁለት እጇ ያዘች፤ ሳቅ ይሁን ልቅሶ እሷም አታውቅም።

አቶ ዲኖ ከመቀመጫቸው ተስፈንጥረው ወረቀቱን ከደረት ኪሳቸው አወጡ። «ባል የሚባል ነገር የለም፣ ኦቦ! ኳስ ነው። የገፈርሳ ቡድን ነው የላከን። ይኸው ቅጹ።»

«ልደርስበት ነበር እኮ» አሉ ኦቦ ቦሩ ቅር ብሏቸው።

ኦቦ ኢተፋ ወረቀቱን ተቀብለው ወደ በሩ ብርሃን ወሰዱት። እንደ መሬት ካርታ አስረዝመው ያዙትና ረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ ቀስ ብለው «አይቻታለሁ» አሉ። «ባለፈው ከትምህርት ቤቱ አጥር ውጭ ቆሜ አይቻታለሁ። አላወቀችም። ያ ግራ እግር ከእኔ ነው የወሰደችው።»

ይህን ጊዜ ጂጂ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። አባቷ ቆመው አይተዋት ኖሯል።

«እንግዲያው ይፈርሙልና» አሉ አቶ ዲኖ እስክሪብቶ እየዘረጉ።

«አይ፣ እሱስ አይሆንም። ሽማግሌ በመጀመሪያው ቀን እሺ ይባላል እንዴ? ይችው ጎረቤታችን እውነቱ ከአጥሯ ሆና ታያለች። ነገ ሀገሩ ‹ኢተፋ ልጁን እንደ ትርፍ ዕቃ ሰጠ› ይለኛል። ልጅቱም ትቀላለች። ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመለሱ።»

«መዝገቡ ዛሬ አስራ አንድ ሰዓት ላይ ይዘጋል እኮ።»

«እኔ አልዘጋሁት።»

አቶ ዲኖ ወደ ኦቦ ቦሩ ዞሩ፣ ያግዙኝ ብለው። ኦቦ ቦሩ ግን አንገታቸውን ደፍተው «ልክ ናቸው፤ እኔም ብሆን እንደዚሁ ነው የምለው» አሉ። ሶያማ በታዘዘው መሠረት ራሱን ነቀነቀ። ተነሥተው ወጡ።

ሲድራ «ምን ተባለ?» ብላ ጻፈች። ጂጂ በጓሮ በር ወጥታ፣ በላሞቹ በረት ውስጥ አልፋ፣ ቦዩን ዘላ፣ ሽማግሌዎቹ የአጥሩን ማዕዘን ሳይዞሩ ከፊታቸው ቆመች። ተመላላሽ ናታ።

«አባቶቼ፣ ወዴት ነው?»

«ወደ ቤታችን ነዋ» አሉ ኦቦ ቦሩ። «ሁለት ሳምንት ተብለናል።»

«አባ የፈለጉት መመላለሳችሁን ሰው እንዲያይ ነው። ልጃቸው ተለምና መሰጠቷ እንዲታወቅ። እንግዲያው ተመላለሱ። እስከ ድልድዩ ሄዳችሁ ኑ፣ እሱ ሁለት ሳምንት ይሁን።»

ኦቦ ቦሩ አፈጠጡባት። «እኔ ሃምሳ ዓመት ሽማግሌ ሆኜ ስሄድ እንዲህ ያለ ነገር አልሰማሁም።»

«ሴት ልጅ ለኳስ ስትለመንስ ሰምተው ያውቃሉ?» አሉ አቶ ዲኖ።

ኦቦ ቦሩ አሰቡ። አሰቡና ከዘራቸውን አነሡ። «ድልድዩ የትኛው ነው?»

ሄዱ። ሲመለሱ ዘጠኝ ተኩል ሆኗል። ጎረቤቷ እውነቱ ልብስ እያሰጣች ነበርና ከአጥሯ ማዶ «ዱርሲቱ፣ እንግዶችሽ ተመለሱ፤ ዕቃ ረስተው ይሆን?» ብላ ተጣራች።

አዴ ዱርሲቱ በሩን ከፈቱ። ጭቃውን አዩ፣ ሦስቱን ሰዎች አዩ፣ ከኋላቸው በበረቱ በኩል ሹልክ የምትለውን ልጃቸውን አዩ። ሴትየዋ ሞኝ አይደሉም። ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ እውነቱም እንድትሰማ፣ «አካም ጅርቱ! ምነው ጠፋችሁ? ሁለቱን ሳምንት እንዴት ከረማችሁ?» አሉ።

ኦቦ ቦሩ ፊታቸው አንዲት መስመር እንኳ ሳይፈታ «ይመስገን፣ ደህና ከረምን። መንገዱ ብቻ ጭቃ ሆነብን» ብለው ገቡ።

ኦቦ ኢተፋ ሚስታቸውን አዩ፣ ሽማግሌዎቹን አዩ። ከጢማቸው ሥር አንድ ነገር ተንቀጠቀጠ። «ተቀመጡ እንግዲህ» አሉ። ሌላ ወተት መጣ። አቶ ዲኖ ብርጭቋቸውን እንደ ጠላት አዩት።

«እሺ፣ ሁለቱን ሳምንት አስቤበታለሁ» አሉ ኦቦ ኢተፋ። «ትምህርቷ አይቋረጥም።»

«አይቋረጥም» አሉ አቶ ዲኖ።

«እሑድ እሑድ ጨዋታ ከሌለ ቤቷ ትመጣለች።»

«ትመጣለች።»

«ከዚህ እስከ አዲሱ ገበያ፣ ከዚያ በአስኮ ዞሮ ቡራዩ፤ ሦስት ታክሲ ነው። ማን ያደርሳታል? እኚህ ዝም ያሉት አባትስ ምን ይላሉ?»

ሶያማ ተደናገጠና ትእዛዙን ረሳው። «እኔ ነኝ የማደርሳት፣ ሾፌሩ እኔ ነኝ» አለ። ጋቢው ከትከሻው ሲንሸራተት ከሥሩ የቡድኑ ቱታ ታየ። ከመጋረጃው ወዲያ «ኽ» የሚል የታፈነ ድምፅ ተሰማ።

ኦቦ ኢተፋ ጉሮሯቸውን ጠራረጉ። «ጥሩ ነው። ወር ስጡኝ። ከወር በኋላ ተመለሱ።»

አሁን ማንም አልተከራከረም። ሦስቱም ብድግ ብለው ወጡ፤ ከበሩ እንደራቁ ወሩን ለመጨረስ ሩጫ ጀመሩ። አስር ሰዓት ከሃያ ነበር። ኦቦ ቦሩ ከዘራቸውን ሽቅብ ይዘው፣ አቶ ዲኖ በወተት የተሞላ ሆዳቸውን ደግፈው፣ ሶያማ ጋቢውን በጭቃ እየጎተተ። እውነቱ ልብሷን ትታ ጎረቤቱን ሁሉ ጠራች። አጥር አጥሩ ላይ ሰው ቆመ። ሴቶቹ ማጨብጨብ ጀመሩ፤ አንዷ «ያ ረጅሙ ድልድዩን ሳይነካ ዞረ፣ መልሱት» ብላ ሶያማን መልሳ ሰደደችው።

ሲድራ ደግሞ «ኮች ወንበር ላይ አልቀመጥ ብላለች፣ ራያ ጥፍሯን ጨርሳ የእኔን ልትጀምር ነው፣ ባክሽ አንድ ቃል» ብላ ጻፈች።

«ወሩ እየተጋመሰ ነው» ብላ መለሰች ጂጂ። ሲድራ የጥያቄ ምልክት ብቻ ላከች፣ ዘጠኝ የሚሆን።

አስር ሰዓት ከአርባ ላይ ኦቦ ቦሩ የበሩን መቃን ይዘው ቆሙ። ትንፋሻቸው ቁርጥ ቁርጥ ይላል። «ኦቦ ኢተፋ… ወሩ… እንዴት… ሮጠ።»

ኦቦ ኢተፋ ከዚህ በላይ አልቻሉም። ሳቁ። የበሩ ደፍ ላይ ቁጭ ብለው፣ እንባቸውን በጋቢያቸው ጫፍ እየጠረጉ ሳቁ። ጂጂ አባቷ እንዲያ ሲስቁ አይታ አታውቅም። ሳቃቸው ሲበርድ ወደ ውስጥ ተጣሩ። «ጂጂ፣ ኮቱ!»

ከመጋረጃው ወጣች። እግሯ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ነው፤ ማን እንደመለሳቸው መጠየቅ አላስፈለገም።

«ሽማግሌዎቹ ሦስት ጊዜ መጥተዋል፣ እኔም ደክሞኛል» አሉ። «አንቺን ግን ማንም አልጠየቀሽም። ትፈልጊያለሽ?»

ለሳምንት ያጠናችው ንግግር ነበራት፤ ስለ ትምህርት፣ ስለ ጤና፣ ስለ ሀገር። ሁሉም ጠፋ። «አዎ አባ» አለች፣ ድምፅዋ እንደ ክር ቀጥኖ።

ኦቦ ኢተፋ ፈረሙ። ሲፈርሙ ደግሞ ቀስ ብለው ነው፤ የራሳቸውን ስም፣ የአባታቸውን፣ የአያታቸውን። ቅድመ አያት ላይ ሊሄዱ ሲሉ አቶ ዲኖ ወረቀቱን በትህትና ሳቡት። አስር ሰዓት ከሃምሳ። ለኮች ሊልኩት በስልክ ፎቶ አነሡት። ፎቶው ግን አልሄድ አለ፤ በመስኮቷ ጥግም፣ በደጁም አልሄድ አለ።

ጂጂ ሽቅብ አየች። የውኃ ሮቶው የተቀመጠበት የሲሚንቶ ማማ አለ። መሰላሉን አባቷ ያዙላት፣ እናቷ አባቷን ያዙ፣ ሶያማ ሁሉንም ያዘ። ወጣች። ስልኩን ሽቅብ ዘረጋች። ያቺ ትንሽ ክብ ተሽከረከረች፣ ቆመች፣ ደግሞ ተሽከረከረች። አጥር ላይ ያለው ሕዝብ አንገቱን ወደ ማማው አሰገገ። ምን እንደሚጠብቁ ግማሾቹ አያውቁም፤ ግን ትንፋሻቸውን ይዘው ጠበቁ።

ሄደ። አስር ሰዓት ከሃምሳ ሰባት ይላል።

ከዚያ በኋላ ያሉት ሁለት ደቂቃዎች ከሁለቱ ሳምንትም ከወሩም ረዘሙ። ስልኩ ነዘረ። ኮች ተረፈች ናት። «ተመዝግበሻል። ነገ ሁለት ሰዓት ልምምድ አለ። እንዳታረፍጂ።»

ጂጂ ማማው ላይ እንደቆመች መዝለል ጀመረች። እናቷ «ሮቶው፣ ሮቶው ይወድቃል» ይላሉ፣ ግን እሳቸውም ከታች ይዘላሉ። እውነቱ እልልታውን ለቀቀችው፤ ኦቦ ቦሩ በጭቃው ውስጥ እስክስታ መቱ፤ አቶ ዲኖ አንድ ተጨማሪ ብርጭቆ ወተት ራሳቸው ጠየቁ።

«ምን አሉሽ?» አሉ ኦቦ ኢተፋ መሰላሉን ሳይለቁ።

«ነገ ሁለት ሰዓት ልምምድ፣ አባ።»

«እንግዲያው ላሚቱን ጠዋት እኔ አልባታለሁ» አሉ። «አንቺ ተኚ።»

በቃ፣ ይኸው ነው ልጆቼ። ጂጂ ሃያ ሦስተኛዋ ሆና ገባች። አሁን ሳቃችሁን ስትጨርሱ አንድ ነገር ልለምናችሁ። አንድ ቀን እናንተም አባት ወይ እናት ትሆናላችሁ፣ ልጃችሁም ያላሰባችሁትን ነገር ይዛ ትመጣለች። ያን ጊዜ ኦቦ ኢተፋ ሦስት ጊዜ ካስለመኑ በኋላ ልጅቱን ጠርተው ምን ብለው እንደጠየቋት አስታውሱልኝ። እንዳትረሱት፣ እሺ?